ከካራት እስከ ጋሞሌ፦ የኮንሶ የጉዞ ማስታወሻ

ዓርብ

ከአርባ ምንጭ የተነሳነው በጠዋት ነው። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጣሪያው ላይ ጆንያ፣ ፍራሽና የፕላስቲክ ወንበር ተጭኗል። የጫሞ ሐይቅ በግራ በኩል ብቅ ጥልቅ እያለ ለትንሽ ጊዜ ይሸኘናል። ከዚያ የሙዝ እርሻው ያልቅና ግራር ይበዛል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ጋቶን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ተራሮቹ መልካቸውን ቀየሩ። ከግርጌ እስከ አናት በድንጋይ ተደርድረዋል።

የኮንሶን እርከን ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ፎቶውንም አይተነዋል። ፎቶ ግን መጠኑን አይናገርም። አንዱ ሸንተረር ላይ ያለው እርከን ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ከጀርባው ያለው ተራራም እንደዚያው ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም። አንዳንዱ ካብ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ዩኔስኮ የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2003 ዓ.ም. ነው። የተመዘገበው ቦታ 55 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። 21 ትውልድ የተሻገረ፣ ከ400 ዓመት በላይ የቆየና ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ባህል ነው።

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ አንድ ቀላል ጥያቄ ነው። ድንጋይ ይፈርሳል። ጎርፍ ይገፋዋል፣ ፍየል ይረግጠዋል፣ ሥር ይፈነቅለዋል። ታዲያ ይኼን ሁሉ ካብ ማን ነው የሚጠግነው? ማንስ ነው የሚያዘው?

ካራት የደረስነው ለምሳ ነው። የኮንሶ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ትንሽ ናት። ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ ለመድረስ ብዙ አያስኬድም። አደባባዩ ላይ የአርባ ምንጭ፣ የጂንካና የያቤሎ መንገዶች ይገናኛሉ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚወርድና የሚጫን አይጠፋም። ባጃጅ ይጮሃል፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች ጥላ ፈልገው ቡና ይጠጣሉ፣ ሴቶች ጀሪካን ጀርባቸው ላይ አዝለው ይሻገራሉ።

ሻንጣዬን ማረፊያዬ አስቀምጬ አስጎብኚ ፍለጋ ወጣሁ። ያገኘሁት የዶካቱ ልጅ ነው። ዶካቱ በግንብ ከታጠሩት የኮንሶ ጥንታዊ ከተሞች አንዷ ስትሆን ከካራት በእግር ይደረሳል። ለምን እንደመጣሁ ስነግረው ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው ማክሰኞ ከአጎቴ ጋር እርሻ እንወጣለን» አለኝ። «የፈረሰ እርከን ሊሠሩ ደቦ ጠርተዋል። ግን ወንድሜ፣ ቆሞ ማየት የለም። እዚያ የመጣ ሰው ሁሉ ድንጋይ ያነሳል።»

ተስማማን።

ቅዳሜ

ወደ ጋሞሌ በሞተር ሄድን። ከሩቅ ሲያዩት ኮረብታው አናት ላይ የሣር ጣሪያ ተከምሮ ይታያል። ሲቀርቡ ግንቡ ይመጣል። ሲሚንቶ የለውም፣ ጭቃም የለውም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተጠባብቆ ብቻ ቆሟል። የኮንሶ ከተሞች እንዲህ ባለ ካብ ይከበባሉ። አንዳንዱ አንድ ዙር ነው፣ አንዳንዱ እስከ 6 ዙር ይደርሳል። ሕዝቡ ሲበዛና የመጀመሪያው ዙር ሲጠብ ሌላ ዙር ይጨመራል። ከተማዋ በየዘመኑ ምን ያህል እንደሰፋች ግንቡን ተከትሎ ማየት ይቻላል።

ውስጡ ጠባብ መንገድ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድም። ከወዲህም ከወዲያም የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ በላይ የእንጨት አጥር። ወደ ግቢ የሚያስገባው በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ መግባት ግድ ነው። አስጎብኚዬ ምክንያቱን ነገረኝ። ድሮ ጠላት ቢመጣ ጎንበስ ብሎ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስገባው ጭንቅላቱን ነው። ዛሬ በዚያው በር የትምህርት ቤት ቦርሳ ያዘሉ ልጆች እየሮጡ ይወጣሉ። ጎጆዎቹ አናታቸው ላይ የሸክላ ድስት ደፍተዋል፤ ዝናብ በጣሪያው ጫፍ እንዳይገባ።

ሞራው ጋ ስንደርስ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ሞራ የጋራ አደባባይ ነው። አንድ ከተማ ብዙ ሞራ ሊኖረው ይችላል፤ እስከ 17 የሚደርስበት ቦታ አለ። ዳኝነት እዚያ ነው፣ ጭፈራው እዚያ ነው፣ ገበጣውም እዚያው። አጠገቡ ትልቅ የሣር ቤት አለ። ምድሩ ክፍት ነው፣ ላዩ ቆጥ ነው። ያላገቡ ወንዶች ማታ ማታ እዚያ ያድራሉ።

መሬቱ ላይ ሉል የሚመስል ከባድ ድንጋይ ተቀምጧል። ወጣቱ ለትዳር ደርሻለሁ የሚለው ይህን ድንጋይ አንስቶ በራሱ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላ ሲጥለው ነው። ሁለት ጎረምሶች ሊያሳዩኝ ሞከሩ። አንደኛው እስከ ደረቱ አደረሰው። ሁለተኛው አሳለፈው፤ ድንጋዩ መሬት ሲመታ እግሬ ሥር ተሰማኝ።

ከአደባባዩ ዳር የተተከሉትን ረጃጅም የጥድ ግንዶች በልጅ ታግዤ ቆጠርኳቸው ማለት ይቻላል፤ አንዲት ትንሽ ልጅ እጄን ይዛ በኮንሶኛ ጮክ ብላ ትቆጥርልኝ ነበር። እነዚህ የትውልድ ግንዶች ናቸው። በዚህ አካባቢ ሥልጣን ከአንዱ የዕድሜ እርከን ወደ ቀጣዩ ሲተላለፍ፣ በየ18 ዓመቱ፣ አንድ ግንድ ይጨመራል። ስለዚህ ግንዱን ቆጥሮ በ18 ያባዛ ሰው ከተማዋ ስንት ዘመን እንደኖረች ይደርስበታል። በአንዳንድ ሞራ ደግሞ ዳጋ ሄላ የሚባለው የቆመ ድንጋይ አለ። እሱም የትውልዱ ምልክት ነው።

አንድ አባት አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በኮንሶኛ ያወራሉ፣ አስጎብኚዬ ይተረጉማል። ወጣቶቹ ለምን ሞራ እንደሚያድሩ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ሌሊት እሳት ቢነሳ ማን ይሮጣል?» አሉኝ። «ጣሪያችን ሣር ነው። ሰው ቢታመም ማን ይሸከማል? ሁሉም በየቤቱ ከተኛ እስኪሰበሰብ ድረስ ይነጋል።»

«አሁንም ያድራሉ?»

«እንደ ድሮው አይደለም። የሚማረው ከተማ ይከራያል፣ ሌላው ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ግን ሞራው ባዶ አድሮ አያውቅም።»

ቆጡ ላይ ወጥቼ አየሁ። ቁርበት፣ ብርድ ልብስ፣ የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ፣ በፀሐይ የሚሠራ አምፖል። ማታ ማታ ከአምፖሉ ሥር ያጠናሉ።

እሁድ

ካራት እሁድ ጠዋት መዝሙር በመዝሙር ናት። በኮንሶ የፕሮቴስታንት ምእመን ብዙ ነው። መካነ ኢየሱስም ሥር የሰደደች ቤተ ክርስቲያን ናት። ከአምልኮ በኋላ ሰው ቶሎ አይበተንም። የታመመ ማን ነው፣ ለማን ምን ይዋጣ፣ የማን ልጅ ታጨች፣ ሁሉም እዚያው በር ላይ ይነገራል።

ከሰዓት ወደ ኮንሶ ሙዚየም ወጣሁ። ዋካዎቹ እዚያ ናቸው። ዋካ ለጀግና ወይም ለተከበረ ሰው መቃብር ላይ የሚተከል የእንጨት ሐውልት ነው። መሃል ላይ ሟቹ ይቆማል። ከጎኑ ሚስቶቹ፣ የገደላቸው ጠላቶች፣ የገደለው አውሬ ይደረደራሉ። ለብዙ ዓመት ዋካ ከመቃብር ላይ እየተነቀለ ሲሸጥ ኖሯል። ከሌቦች የተያዙት ናቸው እዚህ የተሰበሰቡት። አንዳንዱ ፊቱ በምስጥ ተበልቷል። የሰው አባት መቃብር ላይ የቆመን ነገር ለሳሎን ጌጥ ብሎ መግዛት ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ አላውቅም። ተናድጄ ነው የወጣሁት።

ሰኞ

ሰኞና ሐሙስ የካራት ገበያ ነው። ገበያው ከመሃል ከተማው ወጣ ብሎ በጂንካ መንገድ በኩል ነው። ያረፍኩበት ቤት እመቤት ጎመን ልትገዛ ስትወጣ አብሬ ወጣሁ።

እዚህ ጎመን ሲባል ሽፈራው ነው። ዛፍ ነው፣ ቅጠሉ ይበላል። በየግቢውና በየእርከኑ ላይ ተተክሏል። ዝናብ ሲጠፋ ሌላው አትክልት ሲደርቅ ሽፈራው ቅጠሉን ይዞ ይቆያል። ቅጠሉ ተቀቅሎ፣ የማሽላ ወይም የበቆሎ ሊጥ ድብልብል ሆኖ አብሮት ሲበስል ኩርኩፋ ይሆናል። እመቤቴ እስሩን አንስታ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ታሸዋለች። ጠንከር ካለባት ታስቀምጣለች። ሦስት ሻጮች አልፋ ከአራተኛዋ ገዛች። «ለስላሳው ነው ለልጅ የሚሆነው» አለችኝ።

ሴቶቹ የጥጥ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጥተዋል፤ ከወገብ ላይ ሁለት ደረጃ ያለው፣ ዳሩ ባለ ቀለም መስመር የሆነ። ብዙዎቹ ከሩቅ ቀበሌ ሸክማቸውን አዝለው በእግር የመጡ ናቸው። ማሽላ አለ፣ ጥጥ አለ፣ ማር አለ፣ ሸክላ አለ። ፍየሎቹ ለብቻቸው ናቸው። ከሸማ ሻጮቹ ፊት ቆሜ አንድ ጋቢ ገዛሁ። ጥጡን ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። ሸማኔው ራሱ ነው የሸጠልኝ። ጫፉን አሳየኝና፣ «ይኼን ባለቤቴ ናት የቋጨችው፣ እንዳትበጥሰው» አለኝ።

ጥግ ላይ የጨቃ ሻጮች ናቸው። ጨቃ ከእህል የሚጠመቅ ወፍራም መጠጥ ነው። ምግብም ነው። ጠዋት ጨቃ የጠጣ ሰው እስከ ቀትር ድንጋይ ሲያነሳ ይውላል። በቅል ነው የሚቀዳው፣ ለብ ያለ ውሃ ይጨመርበታል። ከአንዲት እናት ጋር ቁጭ ብዬ ትንሽ አወራን። ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ተራ አላቸው። ዛሬ የጠመቀችው እሷ ናት፣ ሐሙስ ሌላዋ። ሁሉም በአንድ ቀን ቢጠምቁ ገዢ እንደማይበቃ ስለሚያውቁ ተማክረው ነው። የታመመች ካለች ተራዋን ሌላዋ ትጠምቅላትና ትርፉ ለታመመችው ይሰጣል።

«ባትመልስልሽስ?» አልኳት፤ ገንዘቡን።

«ምን ትመልሳለች? ነገ እኔ አልታመምም?»

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ነው የወጣነው። የአስጎብኚዬ አጎት እርሻ ከዶካቱ ቁልቁል ወርዶ ነው። ባለፈው የዝናብ ወቅት ከባድ ዝናብ አንዱን እርከን ገምሶት፣ ከላይ ያለው አፈር ታች ወዳለው ጎረቤት ማሳ ተንዷል። የበልግ ዝናብ ከመድረሱ በፊት መጠገን አለበት። አለበለዚያ ውሃው በዚያው ቀዳዳ ገብቶ የታችኛውንም ይዞት ይሄዳል። የአንዱ ሰው እርከን ሲፈርስ ችግሩ ወደ ሌላው የሚወርድ ስለሆነ ጎረቤቶቹ ሳይለመኑ ነው የመጡት።

ሃያ የምንሆን ሰዎች ነን። አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላቸው ልጆችም አሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተም። ሥራውን የሚመሩት አንድ ቀጭን አዛውንት ናቸው። ብዙ አይናገሩም። በበትራቸው ያመለክታሉ።

መጀመሪያ የተናደው አፈር ተዝቆ ወደ ላይ ይመለሳል። ይኼ አድካሚው ነው። ከዚያ መሠረቱ ይፈለጋል። የድሮው ካብ የታችኛው ረድፍ ብዙ ጊዜ አይነቃነቅም፤ አፈሩን ሲያነሱት እንደነበረ ይገኛል። አዛውንቱ አጎንብሰው በእጃቸው ዳሰሱት። ሁለቱን ድንጋዮች ብቻ አስነቀሉ፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት።

ከዚያ መካቡ ይጀምራል። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይሆናል። ፊቱ ወደ ውጭ ይዞር፣ ጭራው ወደ ውስጥ ይገባል። ካቡ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ወደ ተራራው ትንሽ ጋደል ይላል። አፈሩ ሲገፋው እንዲደገፍ ነው። ከኋላው ጠጠርና ስብርባሪ ድንጋይ ይሞላል። ውሃ በጠጠሩ መሃል ሰርጎ ይወጣል እንጂ ካቡን አይገፋም። አናቱ ላይ በአንድ በኩል ዝቅ ያለ ቦታ ይተዋል። ዝናቡ ከበዛ ትርፉ ውሃ በዚያ በኩል ወደ ታችኛው እርከን በቀስታ ይወርዳል። የእርከኑ መሬት ላይ ደግሞ በአፈር የተከለሉ ትንንሽ ገበታዎች አሉ፤ የዘነበው ውሃ እዚያው ተኝቶ እንዲሰርግ። ይኼ አገር ዝናቡ ጥቂት ነው፣ ሲመጣ ደግሞ በኃይል ነው። አንድ ጠብታ እንዲሁ እንዲሄድ አይፈቀድለትም።

እኔ ድንጋይ አቀባይ ነበርኩ። አንዱን ድንጋይ ለአዛውንቱ ሳቀብል ተቀበሉኝና አገላበጡት። አንድ ጊዜ አስቀመጡት፣ አልወደዱትም። አዞሩት፣ አሁንም አልሆነም። ሦስተኛ ጊዜ በሌላ ጎኑ ሲያስቀምጡት ቀጭ አለ። በመዳፋቸው ገፋ ገፋ አደረጉት፤ አልተነቃነቀም። በዚያ ቀን ስንት መቶ ድንጋይ እንዲህ እንዳገላበጡ ማሰብ ነው። አንዱንም በመዶሻ ሲጠርቡ አላየሁም። ለእያንዳንዱ ድንጋይ ቦታ ይፈልጉለታል።

እየሠሩ ይዘፍናሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ዜማው ከዶማው ጋር አብሮ ይወርዳል። ሰው ሲደክም ዜማው ፈጠን ይላል። ረፋድ ላይ ሴቶች ጨቃ በእንስራ ይዘው መጡ። ቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ባለ እርሻው ለደቦው የሚያቀርበው ይኼን ነው፤ ጨቃና ቀትር ላይ ኩርኩፋ። ገንዘብ የለም። ነገ የሌላው እርከን ሲፈርስ እሱም ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። ባይሄድስ? አስጎብኚዬን ጠየቅኩት።

«መጀመሪያ ይመከራል። ከዚያ ይቀጣል። እምቢ ካለ የሱን እርከን የሚያነሳለት የለም። እዚህ አገር ብቻውን እርከን ጠግኖ የሚኖር ሰው የለም፤ ስለዚህ እምቢ የሚል አላየሁም።»

ዓርብ ለጠየቅኩት ጥያቄ መልሱ ይኼው ነበር። አዛዥ የለም ማለት አይደለም። በበትር የሚያመለክቱት አባት አሉ፣ ቅጣት የሚወስን ሸንጎ አለ። ግን ሰውየውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከላይ የተናደው አፈር የሱም ማሳ ላይ እንደሚወርድ ማወቁ ነው። ብዙ የልማት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። «ሕብረተሰቡን ማሳተፍ» ሲባል ሰምቻለሁ። እዚህ ማንም ማንንም አያሳትፍም፤ ሁሉም አስቀድሞ ውስጡ ነው።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ካቡ አለቀ። አዛውንቱ አናቱ ላይ ወጥተው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ከዚያ ወርደው ጨቃ ጠየቁ።

ማታ ዶካቱ አደርኩ። ቤተሰቡ ቤት አልጋ አዘጋጅተውልኝ ነበር፤ እኔ ግን ሞራ ማደር እንደምፈልግ ተናገርኩና ፈቀዱልኝ። ቆጡ ላይ ቁርበት ተነጠፈልኝ። ጎረምሶቹ ስለ አርሴናልና ስለ ማትሪክ ሲያወሩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕ

ሌሊት ላይ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ምን እንዳለች አልገባኝም። ዓይኔን ስገልጥ ቆጡ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ልጆቹ በጨለማ መሰላሉን በእግራቸው ያውቁታል። ተከትዬ ወረድኩ።

አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ይዟታል። አምቡላንስ ተደውሎለታል፤ ግን በዚያ ጠባብ መንገድ መኪና አይገባም፣ የሚቆመው ከግንቡ ውጭ ነው። ቃሬዛው ሞራው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አራቱ ያዙት፣ ሁለት ባትሪ ይዘው ከፊት ሄዱ፣ ሌሎቹ ከኋላ ተከተሉ። ሲደክማቸው ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ማዞሪያው ላይ ከፍ ያደርጉታል፣ በሩ ላይ ዝቅ። አንዲት አሮጊት እጇን ይዘው አብረው ይራመዳሉ፣ ያባብሏታል። ከታች የመኪናው መብራት ጋ ስንደርስ ባልየው ገና ጫማውን እያሰረ ነበር።

አስጎብኚዬ ጠዋት ደውሎ ጠየቀ። ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሞራው ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ሲሰሙ አጨበጨቡ።

ቀኑን ገሰርጊዮ ደርሰን ተመለስን። አፈሩ በዝናብ ተሸርሽሮ ፎቅ በፎቅ የሆነበት ገደል ነው። ሕንፃ ስለሚመስል «ኒውዮርክ» ይሉታል። ያምራል። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል። እኔን ግን የሳበኝ ስንመለስ ያየሁት ነው።

ሃርዳ ይሉታል፤ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ሰው ሠራሽ ኩሬ ነው። ዙሪያው በድንጋይ ተክቧል፣ ዛፍ ከብቦታል። በበጋ ውሃው ሲጎድል ደለሉ ይወጣል። የደረስነው በዚያ ላይ ነው። ወንዶቹ ውስጥ ገብተው በአካፋ ይዝቃሉ። ከእነሱ ጀምሮ እስከ ላይኛው ዳር ድረስ ሴቶችና ተማሪዎች ተሰልፈው ጭቃውን በጆንያና በቅርጫት ይቀባበላሉ። ጭቃው አይጣልም፤ ማሳ ላይ ይበተናል። ጥሩ አፈር ነው።

ዛፍ ሥር አንድ ሰው ደብተር ይዞ ተቀምጧል። በየቤቱ ስም አለ። የመጣው ላይ ምልክት ያደርጋል። ደብተሩን አሳየኝ። አንዳንዱ ስም አጠገብ በምልክት ፈንታ የገንዘብ መጠን ተጽፏል። እነዚህ ለሥራ ሌላ አገር የሄዱት ናቸው፤ አዲስ አበባ፣ አርባ ምንጭ፣ ሞያሌ። በጉልበት ፈንታ በቴሌብር ይልካሉ። ገንዘቡ አካፋና ጆንያ ይገዛበታል። ድሮ ደብተር አልነበረም፤ ሰው ሁሉ እዚህ ስለሚኖር ማን እንደቀረ በዓይን ይታወቅ ነበር። ስልኩ ሲመጣ ደንቡ ለስልኩ ቦታ ሠራለት።

ማታ ካራት ስመለስ ከማረፊያዬ ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እናቱ ሞተውበት ነው። ሰውየው ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ እናቱም የተቀበሩት እዚያው አገራቸው ነው። እድሩ ግን ድንኳኑን ተክሎ፣ አግዳሚውን ደርድሮ፣ ቡናውን አፍልቶ አስቀምጦታል። ነጋዴው አለ፣ መምህሩ አለ፣ የባጃጅ ሹፌሩ ባጃጁን አቁሞ ገብቷል። አማርኛው፣ ኮንሶኛው፣ ጋሞኛው ይደባለቃል። እኔም ገብቼ ነፍስ ይማር አልኩና ቁጭ አልኩ። እንግዳ መሆኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ንፍሮ ቀረበልኝ።

ሐሙስ

ገበያ ስለሆነ መኪና አይጠፋም። መናኸሪያ ስደርስ የአርባ ምንጩ ሚኒባስ እየሞላ ነው። አስጎብኚዬ ሻንጣዬን አሳቅፎኝ፣ «በልግ ሲገባ ዘር ሲዘራ ና» አለኝ። ለሚመጣ ሰው የምለው አለኝ፦ መጀመሪያ የአገሩን አስጎብኚ ይያዝ፣ ሳይፈቀድለት ሞራ ውስጥ አይግባ፣ ሰው ሳያስፈቅድ ካሜራ አያውጣ። ጊዜ ካለው ደግሞ አንድ ቀን ድንጋይ ያንሳ።

አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ወደ አዲስ አበባ የግንባታ ሥራ የሚሄድ ነው። ትናንት ሃርዳው ጋ ጭቃ ሲዝቅ አይቼዋለሁ፤ እሱም አወቀኝ። ጥፍሩ ውስጥ ያለው ደለል ገና አልለቀቀም። ሁለት ዓመት ሆኖታል ከወጣ። ለእረፍት መጥቶ ነው።

«ትናንት ባትመጣስ ኖሮ?» አልኩት።

«እልክ ነበር። ስሜ ደብተሩ ላይ አለ እኮ። አባቴም ስሙ ነበረበት። እኔ ብቀር ልጄ ሲመጣ የት ብለው ይጽፉታል?»

ዝናብ ሲመጣ ኩሬው ውሃ ሞልቶ ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ስልክ ተለዋወጥን። አርባ ምንጭ ተለያየን፤ እሱ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ያዘ። ማታ ኩሬውን ያነሳሁትን ፎቶ በቴሌግራም ላክሁለት። ብዙም ሳይቆይ መለሰልኝ። አንዱን ጥግ በቀይ ከቦ፣ «ይኼኛው በደንብ አልተጠረገም፣ ለደብተር ያዡ ንገርልኝ» ብሎ ነው የጻፈው። ወዲያው ደወልኩ። ደብተር ያዡ ቅዳሜ እንደሚገቡበት ነገረኝ።